የለንደኗ ጎጆ ጉልላት

ከማሉ ፎቁን ለማስጀመር የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጉልላት።

መሬቱ ከአባቱ የወረሰው ነው፣ ቡታጅራ መሃል፣ አስፋልቱ ዳር። ብረቱ ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጥቷል። ሲሚንቶው ተደርድሮ ሸራ ለብሷል። የሚፈርሱት የጭቃ ሱቆች ሁሉ ዕቃቸውን አውጥተዋል፣ አንዷ ስትቀር። እሷም የሰፍያ ፎቶ ቤት ናት። ሰፍያ አልወጣም ብላ አይደለም። ከማሉ ራሱ ነው "አንቺ ትንሽ ቆዪ" ያላት።

ያስቆያት ግድግዳው ነው።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ በሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ለንደን ተስላለች። የሳላት የሰፍያ ባል ሙሀይሚን ነው፣ አላህ ይርሐመውና። በግራ ሰዓቷ አለች፣ ያቺ ረጅሟ ባለ ሰዓት ማማ። መሃል ላይ ሁለት ግንብ ያለው ድልድይ። በቀኝ ደግሞ መላ አካሏ መስታወት የሆነ ክብ ፎቅ፤ ከወገቧ ሰፋ፣ ወደ ላይ እየጠበበች የምትሄድ። የዓለም ሰው ኪያር ይላታል አሉ። ቡታጅራ "ጎጆዋ" ነው የሚላት። ማንም ቢያያት ጎጆ ናት፤ የመስቃን ጎጆ፣ ክዳኗ በሣር ፈንታ መስታወት የሆነ። ጫፏ ላይ ቀይ የሸክላ ጉልላት አለ። አንገቱ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ እዚህ ገጠር ጎጆ ላይ እንደሚደፋው ያለ።

ከማሉ የሚፈልገው ያንን ነው። የፎቁ ማዕዘን ክብ ሆኖ፣ መስታወት ለብሶ፣ ጫፉ ላይ ጉልላት እንዲቀመጥ። "ልክ እንደ ለንደኗ።"

ፕላኑን የምትሰራለት አርክቴክት ክቡንም መስታወቱንም ሰርታ ጉልላቱ ላይ ስትደርስ እምቢ አለች። ለንደን ላይ እንደዚህ የሚባል ነገር የለም አለች። ሳቢሪን ትባላለች። የሙሀይሚንና የሰፍያ ልጅ ናት።

እንግዲህ ጉዱ ይሄ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከማሉ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ሰፍያ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ግባ። ጫማህን ተወው፣ አቧራ ነው።"

አልተቀመጠም። መርካቶ ሲነግድ ያደገ ሰው የሰው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ከኮቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አደረገው። የሰርጉ ፎቶ ነው። ከማሉ ያኔ ሰንበሌጥ ነበር። የለበሰው ኮት የፎቶ ቤቱ ነው፣ እጅጌው ጣቱን ውጦታል። አጠገቡ ሙሽራዋ ሃሊማ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ከሁለቱ ራስ በላይ፣ ልክ መሃላቸው ላይ፣ ጉልላቱ።

"ይሄ ምንድነው?" አለ በጣቱ እየነካ።

"አይታይህም እንዴ? ጉልላት ነዋ።"

"አየሽ! ልጅሽ የለም ትለኛለች። አባትየው ኖሮበት፣ በዓይኑ አይቶ የሳለውን የለም! እኔ ማንን ልመን፣ ያየውን ወይስ ያላየችውን?"

"ስልክ ላይ አሳይታህ የለ?"

"ስልክ ላይማ እኔም ፀጉር ያለኝ ፎቶ አለኝ።" መላጣውን ዳበሰ። "ሃሊማ ደግሞ 'ጉልላቷን ካላደረግክ ያንን ፎቅ አልረግጥም' ብላኛለች። መርካቶ ላለ ሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ሐሙስ ቤቱ ሳይፈርስ ዱዓ ይደረጋል፣ ሼህ አብዶም ይመጣሉ። እዚያ ትነግሪኛለሽ። ሙሀይሚን አይቷል ካልሽ በቃ፣ ልጅሽ ትሰራዋለች። ካልሰራች ደግሞ አልቀየማትም፣ ለሌላ እሰጠዋለሁ። አላየም ካልሽ..." እዚህ ጋ ሳቀ። "ኧረ ተይ! ሙሀይሚን ለንደን!"

ፎቶውን ጠቅልሎ ወጣ። ሰፍያ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የላስቲክ ቁራጭ አጣጥፋ አጣጥፋ ጣለችው።

ሙሀይሚን ለንደንን አላየም።

ይሄን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፣ ወይም እንደዚያ ይመስላት ነበር። በወጣትነቱ ጅዳ ሄዶ ነበር። ጅዳ ግንብ ሲቀባ ቆይቶ ተመለሰ። መጥቶ ፎቶ ቤት ከፈተ፣ ለንደንን ግድግዳው ላይ ሳለ፣ በሩ ላይ "ለንደን ፎቶ ቤት" ብሎ ጻፈ። የቀረውን የጨረሰለት አገሩ ነው። ውጭ አገር ሄዷል፣ ለንደንን ስሏል፣ እንግዲህ ለንደን ነበር ማለት ነው። ባጃጅ ሹፌሩም፣ የበርበሬ ነጋዴውም፣ የመስጊዱ ሰውም "ሙሀይሚን ለንደን" አለው። እሱ ነበርኩ አላለም። አልነበርኩምም አላለም። "እንዴት ነው ለንደን?" ሲሉት ፊቱን ጨምደድ አድርጎ "ብርድ ነው" ይላል። በቃ። ሰፍያ መጋረጃው ጀርባ ፊልም እያወጣች አፏን በነጠላዋ ታፍን ነበር።

አሁን ግን አላሳቃትም። አይቷል ብትል ዱዓ ፊት መዋሸት ነው፤ ልጅቱም ወይ የማታምንበትን ትሰራለች ወይ ሥራዋን ታጣለች። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው። አላየም ብትል ደግሞ የሞተ ሰው ስም ነው። ሙሀይሚን ሱቅ አልተወ፣ ከብት አልተወ። የተወው ስሙን ነው። ያንን አውጥታ አደባባይ ላይ ልትበትነው ነው።

በሩን ዘጋችና ለንደን ፊት ለፊት ተቀመጠች።

አረፋ ሲሆን እኮ እዚህ በር ላይ መቆሚያ አይገኝም ነበር። የአዲስ አበባው ሰው ሁሉ ለበዓል ይመጣል፤ ከመስቃን ገጠር በጋሪ ይመጣል። ልጆች አዲስ ጫማ አድርገው መሬት አልረግጥ ይላሉ። መስከረም ላይ ደግሞ ለመስቀል የመጡት ክርስቲያኖቹ ይሰለፋሉ። ሙሀይሚን ካሜራውን ይዞ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚጠይቀው፦

"ሰዓቷ ጋ ነው ጎጆዋ ጋ?"

ዘመናይ ነኝ ያለ ሰዓቷ ጋ ይቆማል። ሰዓቷ ቆጣሪ የላትም። ሙሀይሚን "ቆጣሪ ባደርግላት ሰው ሁሉ ቆሞ ሰዓቱ ተሳስቷል ይለኛል" ብሎ ሳያደርግላት ቀረ። ሙሽሮች ግን አንድም ሳይቀሩ ጎጆዋ ጋ ናቸው። ጎጆ ሊወጡ አይደል። አረብ አገር ሊሄዱ የተነሱ ልጆች ድልድዩ ጋ ይቆማሉ፤ ማን እንዳስጀመረው አይታወቅም። እግራቸው ስር ደግሞ ሣር ነው። ለንደን መንገድ ላይ ምን እንዳለ ሙሀይሚን ስለማያውቅ ጀፎረ ሳለበት፤ በቤቶቹ ፊት የሚዘረጋውን የጉራጌ ሰፊ የሣር መንገድ። ድልድዩም ሰዓቷም ጎጆዋም ጀፎረ ዳር የቆሙ ጎረቤታሞች መሰሉ።

ኋላ ላይ ያቺ ሹሏ የመስታወት ፎቅ ተሰራች። ወጣቶቹ "ይቺማ የለችም፣ ለንደንህ አርጅታለች" ብለው አላገጡበት። ቦታ ስላልነበረው ከድልድዩ ጀርባ ሸጎጣት። እንደ መርፌ ብቅ ብላ ቀረች።

በዚህ ሁሉ ዓመት ሰፍያ አንድ ቀን እዚያ ግድግዳ ፊት ቆማ አታውቅም። ኮት ስታለብስ፣ አንገት ስታቃና፣ ሕፃን ስታስቅ ዓመቱ አለፈ። "የኔስ?" ስትለው "አንቺማ እዚሁ ነሽ፣ ነገ አነሳሻለሁ" ይላታል። ከዚያ ስልክ መጣ። ሰው ራሱን በራሱ ማንሳት ጀመረ። ለንደን ፎቶ ቤት ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ከረመ። ከዚያ ሙሀይሚን ታመመ። ነገ የሚባለው ነገርም አበቃ።

እሮብ ከሰዓት ሳቢሪን ከወልቂጤ መጣች። የምትሰራበት ቢሮ እዚያ ነው። ሚኒባሱ የዘቢዳርን ተራራ ሲያቋርጥ ጭጋግ ይዞት ዘግይቷል፤ በርዷታል፣ ርቧታል፣ ተናዳለች።

"እማ፣ ነገርሽው?"

"መጀመሪያ ሰላም በይ።"

ሳመቻት። ሦስቴ። ሦስተኛው ጉንጯን ሳይነካ አለፈ።

"ነገርሽው ወይ?"

"አልነገርኩትም። ነገ ነው የሚጠይቀኝ።"

"ምን ልትይው ነው?"

"ብዪ መጀመሪያ።"

ቆጮውን በአይብ ቆማ በላች። እየበላችም ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። ከዚህ ግድግዳ ጋር ጸብ አላት። ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት መምህሩ የዓለም ታላላቅ ሕንፃዎች ብሎ ያቺን ክብ ፎቅ በፕሮጀክተር አሳየ። ሳቢሪን እጇን አወጣች። "ጉልላቱ የት ሄደ?" አለች። መምህሩ የምን ጉልላት አላት። "ጫፏ ላይ ያለው ነዋ፣ የሸክላው። አባቴ አይቶታል።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትመረቅ ስሟ ጉልላት ነበር። "ጉልላት፣ ማስታወሻ አበድሪን።" "ጉልላት መጣች፣ ዝናብ አይነካንም።" የምረቃ መጽሔቱ ላይ ሳይቀር።

"አየሽ፣" አለች ቆጮውን እየጠቀለለች፣ "ሕንፃው ላይ ማድረጉ አይደለም የሚያናድደኝ። ውሸቱ ነው። አባ ሳያይ አየሁ አለ። ሰው አመነው። እኔም አመንኩት። አሁን ደግሞ በሲሚንቶ ልናቆመው ነው?"

"አየሁ ብሎ አያውቅም።"

"አላየሁምም አላለም!"

"እሱስ እውነት ነው።"

ሳቢሪን እናቷ እንዲህ ቶሎ እጅ ትሰጣለች ብላ አልጠበቀችም። ሰፍያ ሳህኑን አነሳችላት።

"ካላንደር ነበር፣" አለች ሰፍያ።

"ምን?"

"የሳለው ከካላንደር ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ተሰቅሎ አይቶ ለምኖ ያመጣው። ዓመቱ ያለፈበት። ከላይ በኩል ቆርቆሮ የያዘው ዓይነት፣ ታውቂዋለሽ፣ የሚሰቀልበት ጠርዝ። የጎጆዋ ጫፍ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቷል። አይታይም። አባትሽ ሰዓቷን ጨረሰ፣ ድልድዩን ጨረሰ፣ ጎጆዋ አናት ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆርቆሮውን በጉጠት ሊያወልቀው ሞከረና ወረቀቱ ተቀደደ።"

"ከዚያስ?"

"ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያያታል። እራት አቀርብለታለሁ፣ እሱ ያያታል። መጨረሻ ላይ 'ሰፍያ፣ እንዲህ ያለ ቤት አናቱ ምን ይሆናል?' አለኝ። 'ምን ይሆናል፣ ጉልላት ነዋ፤ አለዚያ ውሃ ይገባል' አልኩት። እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ብዙም አላሰብኩበትም። ሳለው።"

ሳቢሪን ፈገግ ልትል ነበር፣ ያዘችው። "ታዲያ በኋላ አላወቀም? ቴሌቪዥን የለም እንዴ አገሩ ላይ?"

"አውቋል።"

"መቼ?"

"ኦሎምፒኩ ለንደን የሆነ ጊዜ። አንቺ ትንሽ ነበርሽ። ረመዳን ነው፣ ሻይ ቤት አይገባም፣ ፀጉር ቤት በር ላይ ቆመው ሴቶቹ ማራቶን ሲሮጡ ያያሉ። ለንደን ዝናብ ነው። የኛዋ ልጅ ትመራለች፣ አገሩ ይጮሃል። ሰው ሁሉ ሯጯን ሲያይ አባትሽ ፎቁን አየ።"

ሰፍያ ቀኑን እንደ ትናንት ታየዋለች። መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ልጅቱ ተሸነፈች እንዴ አለችው። "አይ፣ አሸነፈች" አለ። ከዚያ ግድግዳው ፊት ቆመ።

"'ሰፍያ፣ ጎጆዋ ጉልላት የላትም' አለኝ። 'ዝናቡ ይወርድባታል፣ አናቷ ባዶ ነው።' ወንበር አመጣ፣ ግራጫ ቀለም በጠበጠ። ሊያጠፋው ነው። ወንበሩን እኔ ያዝኩለት። ብሩሹን እንዳነሳ ቆመ። እጄ እስኪዝል ቆመ። 'ውረድ ወይም ቀባ' አልኩት። ወረደ።"

"ለምን?"

"'እዚህ ባጠፋው የከማሉ ቤት ያለው ፎቶስ?' አለኝ። 'ሪያድ ድረስ የተላከውስ? በየሳሎኑ የተሰቀለውስ? እዚህ ባጠፋው እዚያ አለ። ያኔ ነው ፎቶው ውሸት የሚሆነው።' ከዚያ ደግሞ ምን አለ መሰለሽ፣ ብሩሹን እያጠበ። 'እነሱም ረስተውት ይሆናል' አለ። እንግሊዞቹ!"

ሳቢሪን ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀና ብላ ከድልድዩ ጀርባ የተሸጎጠችውን ሹሏን አየች።

"ይቺኛዋ ላይ ግን አላደረገባትም።"

"ያኔማ አውቋል።"

"ለኔ ለምን አልነገረኝም?"

"ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?"

"አልጠየቅኩም።" ቀለሙን በጣቷ ነካችው። ሣሩ ጋ ልስኑ ተነስቷል። "አይቷል ብዬ ነበራ።"

ሳቢሪን ሣሩ ፊት ለፊት ፍራሽ አንጥፋ ተኛች፣ ልጅ ሆና እንደምትተኛው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዱዓው ሆነ። ብዙ ሰው አልነበረም፤ የሱቆቹ ተከራዮች፣ የሥራው ፎርማን፣ ከማሉ፣ ሼህ አብዶ። ሼህ አብዶ የሙሀይሚን የወጣትነት ጓደኛ ናቸው፣ ጅዳም አብረው ነበሩ። አሁን ጉልበታቸው ደክሟል። የደንበኛ ወንበር ላይ፣ ሰዓቷ ስር አስቀመጧቸው። እጅ ተዘረጋ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተባለ። ተምርና ለስላሳ ዞረ።

ከማሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ ሰፍያ። ይኸው ሁላችንም አለን። ሥራው የቆመው በአንድ ነገር ነው። ሙሀይሚን፣ አላህ ይርሐመው፣ ይቺን ጎጆ ሲስል ጉልላቷን አይቶ ነው የሳለው? አዎ በይኝና ነገ እንጀምር።"

ሳቢሪን ጥግ ላይ ቆማለች። እናቷን አታይም፣ ጫማዋን ነው የምታየው። ሰፍያ እጇ ላይ የለስላሳ ጠርሙስ አለ። የምታስቀምጥበት አጣች። ከማሉ ያዘላት።

"ሙሀይሚን ለንደን አልሄደም፣" አለች።

አንድ ሰው ተምር ሲያኝክ ቆመ።

"ጅዳ ነው የሄደው። ይሄን የሳለው ከካላንደር ነው። ጉልላቱ ካላንደሩ ላይ አይታይም ነበር። ከራሱ ነው ያደረገው። ለንደን ላይ የለም። ልጄ እውነቷን ነው። ዋሸ የሚል ካለ እኔን ይበለኝ፣ እሱ እዚህ ስለሌለ። እኔም አብሬው ዝም ብያለሁ።"

እንዲህ ረጅም ነገር ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። አንድ ሰው ይስቃል፣ ወይም አስታግፊሩላህ ይላል ብላ ጠበቀች።

የሳቁት ሼህ አብዶ ናቸው። መጀመሪያ ሆዳቸው ነው የተንቀጠቀጠው።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ። "ወላሂ ተገላገልኩ!"

"ምኑን ነው የተገላገሉት ሼህ?" አለ ከማሉ።

"እኔ ጅዳ አንድ ክፍል አብሬው ነው የኖርኩት! አንድ ምንጣፍ ላይ! መቼ ለንደን ሄዶ እንደመጣ ሳስብ ስንት ዘመኔ! እሱ ካላለ እኔ ምን አገባኝ ብዬ፣ ለሚስቱ ሳይነግራት ቢሆንስ ብዬ፣ ሰፍያን ባየሁ ቁጥር ሌላ ወሬ እጀምራለሁ።"

"እርስዎም ያውቁ ነበር?" አለች ሰፍያ።

"አንቺም?"

ተያዩ። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ሰፍያ የዚያን ሁሉ ዓመት ሳቅ በነጠላዋ ያፈነችው ብቻዋን መስሏት ነበር። አሁን አላፈነችውም። ፎርማኑ ሳይቀር ሳቀ። አንዱ ተከራይ "ብርድ ነው ይለኝ ነበር እኮ!" ብሎ ጮኸ፣ ሌላውም "እኔንም! እኔንም!" አለ። ማንም አልተቀየመም። ሰውየው በሩን ከፍቶ የገባ እስኪመስል ድረስ ስለ እሱ አወሩ።

አንድ ከማሉ ብቻ አልሳቀም። ፎቶውን አውጥቶ ያየዋል።

"መርካቶ ምን ልበል?" አለ። "ለአንድ የቆርቆሮ ነጋዴ፣ ወንድሙ ለንደን ያለ፣ 'ጠይቀው፣ ጉልላት አላት' ብዬ ተወራርጃለሁ።"

"ተበልተሃላ!" አሉ ሼህ አብዶ።

"እንግዲህ ይቅር።" ፎቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ድምፁ ቅር ብሎታል። "የሌለ ነገር አልሰራም። ጉልላቱ ይቅር። ሳቢሪን፣ አንቺ እንዳልሽው አድርጊው።"

ሰፍያ ልጇን አየች። ይኸው አሸነፈች። ደስ ሊላት ይገባል። ሳቢሪን ግን ጫማዋን ማየት ትታ ግድግዳውን ነው የምታየው።

"አይቀርም፣" አለች ሳቢሪን።

"ምን?"

"ጉልላቱ። እሰራዋለሁ።"

ከማሉ ግራ ገባው። "አንቺ ልጅ፣ ከኔ ጋር ምን አለሽ? ይሰራ ስልሽ ይቅር፣ ይቅር ስልሽ ይሰራ! ለንደን ላይ የለም አላልሽም?"

"የለም። ለዚያ ነው የምሰራው። ለንደን ላይ አለ ተብሎ ከሆነ እኔ አልሰራውም ነበር፣ ሰው ይስቅብሃል። የሙሀይሚን ነው ተብሎ ከሆነ ግን እሰራዋለሁ። አባቴ ከለንደን የቀዳው ነገር ሁሉ ለንደን አለ፣ ሄደህ ታየዋለህ። ያ ብቻ ነው እዚህ ያለው።"

"ለንደን ላይ ከሌለ ምን ይጠቅመኛል?"

"ለሃሊማ ንገራትና እሷ ትንገርህ።"

ሰዉ ሳቀ። ከማሉ ሁሉን ተሰናብቶ፣ የሼህ አብዶን ክንድ ይዞ ደግፎ አወጣቸው። አስፋልቱ ጋ ደርሶ ባጃጅ ካሳፈራቸው በኋላ ተመልሶ በሩ ላይ አንገቱን አስገባ።

"ሸክላ ነው ወይስ ቆርቆሮ?"

"ሸክላ፣" አለች ሳቢሪን።

"የሚሰራው ከየት ይመጣል?"

"ከገበያ። እንስራ ከሚሸጡት።"

"እንግዲህ ሃሊማን ልደውልላት፣" አለና ሄደ። ሰፍያ ይሄን ድምፅ ታውቀዋለች። ሊገዛ የወሰነ ሰው ድምፅ ነው።

ቤቱ ነገ ይፈርሳል። ሰፍያ ኮቶቹን አጣጠፈች፣ መስታወቱን አወረደች፣ ማበጠሪያዎቹን በላስቲክ ቋጠረች። ወዲያ ወዲህ ስትል ሳቢሪን ስልኳን አውጥታ መሃል ወለል ላይ ቆመች።

"እማ፣ ቁሚ።"

"የት?"

ሳቢሪን ፈገግ አለች። "ሰዓቷ ጋ ነው ጎጆዋ ጋ?"

ሰፍያ ትዕግስት የላትም፣ ሥራ አለባት። ግን እግሯ ቆመ። ነጠላዋን አስተካከለች። ሄዳ ጎጆዋ ስር፣ ሣሩ ላይ ቆመች።

"አይገባም፣" አለች ሳቢሪን ስልኩን እያየች። "ጉልላቱ ሲገባ እግርሽ ይቀራል።"

"ወደ ኋላ ሂጂ። አባትሽም ከበሩ ላይ ሆኖ ነበር የሚያነሳው። ውጪ። ኧረ ውጪ ትንሽ!"

ሳቢሪን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ከደረጃው ወርዳ አስፋልቱ ዳር ደረሰች። ባጃጅ ጡሩምባ ነፋባት። ሹፌሩ ሊሳደብ አንገቱን አወጣና በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ።

"ለንደን ልትፈርስ ነው እንዴ?" አለ።

"ቁም አንዴ፣ ጥላህ እየገባ ነው!" አለችው ሳቢሪን። ሞተሩን አጠፋ።

ሰፍያ ቀጥ ብላ ቆመች። ከጀርባዋ ሰዓቷ አለች፣ ድልድዩ አለ፣ ሹሏ አለች። አንዱም አይታያትም። የሚታያት አስፋልቱ ነው፤ የበርበሬ ማዳበሪያ የጫነ ጋሪ፣ ሸራ የለበሰው ሲሚንቶ፣ ከኋላው ሰማያዊ ሆኖ የተኛው ዘቢዳር። ለካ እዚህ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ኮት ተውሶ ለንደን ነኝ ያለው ሁሉ፣ ሲያይ የነበረው ይሄን ነው።

"ገባልሽ?" አለች።

"ቆይ እማ፣ ፈገግ በይ።"

"ባጃጁን አስቁመሽዋል እኮ። አንሺ በቃ!"